ደርቆ ያለቀ ካናቢስ በምን ይቀመጥ? ጃሩ፣ ከረጢቱ፣ ቆርቆሮውና የእርጥበት ፓኬቱ ሲመዘኑ

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ውስጥ በቤቱ ካናቢስ የሚያበቅል ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው መብራት፣ ድንኳንና አፈር ላይ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ላሉት አምስትና ስድስት ሳምንታት የሚያስብ ጥቂት ነው። መዓዛው የሚድነውም የሚጠፋውም ግን በእነዚያ ሳምንታት ነው። ለዚህ ጊዜ ተብለው ገበያ ላይ የሚሸጡት ዕቃዎች ብዙ ሲሆኑ፣ ከእነሱ ውስጥ ገንዘብ ሊወጣባቸው የሚገባው ጥቂት ናቸው። ፍርዱን ከወዲሁ ለማስቀመጥ፦ መጀመሪያ የሚገዛው ትንሿ የእርጥበት መለኪያ ናት፤ ቀጥሎ ሰፊ አፍ ያለው ተራ የመስታወት ጃር፣ ሜሰን ጃር የሚባለው፤ የጃሩን እርጥበት የሚጠብቀው ትንሽ የእርጥበት ፓኬት ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደርሳል፤ ግሮቭ ባግ የተባለው የሚተነፍስ ከረጢት ብዙ ምርት ላለው ሰው ነው፤ ውዱ የብረት ቆርቆሮ ባይገዛም የሚቀር ነገር የለም።

ስለ ሕጉ አጭር ነገር ይባል። በዲሲ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2015 ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው በመኖሪያ ቤቱ እስከ 6 ተክል ማብቀል ይችላል፤ ከእነዚህ ለምርት የደረሱት ከ3 መብለጥ የለባቸውም። ከነዚያ ተክሎች የተገኘውን ምርት እዚያው ቤት ማስቀመጥም ተፈቅዷል፤ ከቤት ይዞ መውጣት የሚቻለው ግን እስከ 2 አውንስ ነው። ቨርጂኒያ ከጁላይ 2021 ጀምሮ በአንድ ቤት 4 ተክል፣ ሜሪላንድ ከጁላይ 2023 ጀምሮ 2 ተክል ትፈቅዳለች። በፌዴራል ሕግ ግን አሁንም ክልክል ነው፤ ይህ ደግሞ ለእኛ ማኅበረሰብ ትልቅ ቁም ነገር ነው። የአሜሪካ የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ የሚኖሩበት ግዛት ቢፈቅድም እንኳ ካናቢስ መያዝና ማብቀል ለዜግነት የሚጠየቀውን የመልካም ሥነ ምግባር መስፈርት ሊያሳጣ ይችላል። ግሪን ካርድ ይዞ ዜግነት የሚጠብቅ ሰው ከጃር በፊት ጠበቃ ያማክር። ወደ ኤርፖርት ይዞ መሄድም አይታሰብ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ማብቀሉም መያዙም ወንጀል ነው።

አሁን ወደ መዓዛው። አበባው ላይ እንደ ስኳር የሚያብረቀርቁት ጥቃቅን ፀጉሮች ትራይኮም ይባላሉ፤ ሙጫውም፣ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ቲኤችሲውም፣ ሽታውም ያለው እነሱ ራስ ላይ ነው። የሽታው ዋና ክፍል ተርፒን የሚባሉ በናኝ ዘይቶች ናቸው፤ ወጥ ቤታችን ውስጥም አሉ። ፒኒን የጥብስ ቅጠል ውስጥ፣ ሊሞኒን የሎሚ ልጣጭ ውስጥ፣ ሊናሉል ድንብላል ውስጥ፣ ካርዮፊሊን ቁንዶ በርበሬና ቅርንፉድ ውስጥ ይገኛሉ። ሁሉም እኩል አይበኑም። ሚርሲን፣ ፒኒንና ሊሞኒን ቀለል ያሉ ስለሆኑ ፈጥነው ይሄዳሉ፤ ካርዮፊሊን ከበድ ስለሚል ይቆያል። በደንብ ያልተቀመጠ ካናቢስ የሎሚና የጥድ ሽታውን አጥቶ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ብቻ የሚሸተው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ በክፍል ሙቀት ደርቆ የተቀመጠ አበባ በሦስት ወር ውስጥ ከበናኝ ዘይቱ ከግማሽ በላይ እንደሚያጣ አሳይቷል።

ተርፒን ብቻም አይደለም። ያ አፍንጫ የሚመታው፣ ነጭ ሽንኩርት ነክ የሆነው ኃይለኛ ጠረን የሚመጣው ድኝ ካላቸው ውህዶች መሆኑ በ2021 ታውቋል። እነዚህ ውህዶች ተክሉ አብቦ ሊያልቅ ሲል ይጨምራሉ፣ በኪዩሪንግ ጊዜ፣ ማለትም የደረቀው አበባ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ እየተናፈሰ ቀስ ብሎ በሚበስልበት ጊዜ፣ ጣሪያ ይነካሉ፣ ከዚያ ማከማቻ ከገባ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንኳ ይወርዳሉ። ስለዚህ «በመጀመሪያው ሳምንት ጃሩ ቤቱን ያናውጥ ነበር፣ አሁን ቀነሰ፤ ምን አጠፋሁ?» ለሚል ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ «ምንም» ነው።

ማንኛውም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ግን አንድ ነገር ይታወቅ፦ በትክክል ያልደረቀን አበባ የትኛውም ማስቀመጫ አያድነውም። ሙቀቱ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የክፍሉ እርጥበት ከ55 እስከ 60 በመቶ፣ ጊዜው ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ክፍሉ ጨለማ፤ ደንቡ ይህ ነው። ቬንቲሌተሩ አየሩን ያንቀሳቅስ እንጂ አበባው ላይ በቀጥታ አይንፈስ። ዲሲ ደግሞ ሁለት ጠባይ አላት። በጁላይና ኦገስት ቤዝመንት ውስጥ እርጥበቱ በቀላሉ 70 በመቶ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ትልልቁን ቅጠል አስቀድሞ መልቀምና እርጥበት መጣጭ ማሽን ማብራት ግድ ነው። በጃንዋሪ ሂተሩ ሲሠራ ያው ክፍል ወደ 25 በመቶ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ቅጠሉን ሳይለቅሙ ቅርንጫፉን እንዳለ መስቀል ይሻላል፣ ቅጠሉ አበባውን ከፈጣን ድርቀት ይከልለዋል። በአራት ቀን የደረቀ አበባ ላዩ ይንኮሻኮሻል፣ ልቡ እርጥብ ነው፣ ሽታውም የድርቆሽ ሣር ነው።

መድረሱን የሚያሳየው የቅርንጫፉ ድምፅ ነው። ቀጭኗ ግንጣይ ስትታጠፍ «ቀጭ» ብላ ከተሰበረች፣ ወፍራሙ ግን ገና ከታጠፈ፣ ጃር ውስጥ የሚገባበት ሰዓት ነው። በሚዛን ለሚያምን ደግሞ፣ ሲቆረጥ 100 ግራም የነበረው ከ20 እስከ 25 ግራም ሲቀር ደርሷል ማለት ነው።

መለኪያዋ

የሳንቲም ቅርጽ ያላት ወይም አራት ማዕዘን የሆነች፣ ጃር ውስጥ የምትገባ ዲጂታል ሃይግሮሜትር ጥቂት ዶላር ብቻ ናት። ችግሯ ከፋብሪካ ስትወጣ ትክክል አለመሆኗ ነው፤ 5 ነጥብ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሳት ለርካሾቹ የተለመደ ነው። 5 ነጥብ ደግሞ እዚህ ላይ ሻጋታን ከጤናማ አበባ የሚለይ ልዩነት ነው። ስለዚህ ገዝቶ በቀጥታ ማመን የለም፣ በጨው መፈተን አለባት። በለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ውስጥ የገበታ ጨው ይሞላል፣ ጥቂት የውኃ ጠብታ ይጨመርበታል። ጨው መሟሟት የለበትም፣ እንደ እርጥብ አሸዋ ይሁን። ቆርኪውና መለኪያዋ አንድ ላይ ዚፕ ባለው ከረጢት ይታሸጉና ከ8 እስከ 12 ሰዓት በክፍል ሙቀት ይቀመጣሉ። ማንበብ ያለባት 75 ነው። 71 ካለች፣ ከዚያ ወዲያ በምታነበው ሁሉ ላይ 4 ይደመራል፤ ቁጥሩም በማርከር ጀርባዋ ላይ ይጻፋል። ከ7 በላይ የሳተችውን መጣል ነው። የእርጥበት ፓኬት አምራቹ ቦቬዳ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ባለ 75 በመቶ መለኪያ ማስተካከያ ይሸጣል፤ ይሠራል፣ ግን ጨው ቤት ካለ ትርፍ ወጪ ነው።

ጃር በበዛ ቁጥር መለኪያም ይበዛል። ከአንድ ተክል የወጡ፣ አንድ ቀን የደረቁ አበቦች እንኳ አንድ አይደሉም፤ ከላይ የነበረው ትልቅ አበባና ከሥር የነበረው ትንሹ በተለያየ ፍጥነት ይደርቃሉ። መለያየትና ትልልቁን ጃር ለብቻ ማድረግ ያዋጣል።

ሜሰን ጃሩ

አሸናፊው ይህ ነው። 1 ኳርት፣ ማለትም 946 ሚሊ ሊትር የሚይዘው፣ አፈ ሰፊው ዓይነት። በግሮሰሪም በሃርድዌር ሱቅም በደርዘን ይሸጣል። መስታወት ሽታ አይመጥም፣ ሽታ አይሰጥም፣ አየር አያሳልፍም፤ ውስጡም ይታያል። ሦስት አራተኛው ድረስ ሳይጠቀጠቅ ሲሞላ ወደ 28 ግራም፣ አንድ አውንስ ገደማ ይይዛል። የቀረው ሩብ ባዶ ቦታ ለአየር ነው። አፉ ሰፊ የሆነው እጅ ሲገባ አበባው ጠርዙ ላይ እንዳይፋተግ ነው፤ በተፋተገ ቁጥር ትራይኮም ይረግፋል።

ክዳኑ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለት ክፍል ያለው የብረት ክዳን፣ ጠፍጣፋው ከነላስቲኩና ቀለበቱ፣ በደንብ ይዘጋል። ለብቻው የሚሸጠው ነጩ ተራ ፕላስቲክ ክዳን ግን ለምቾት እንጂ ለማሸግ አልተሠራም፤ አየር ያስወጣል። የብረቱ ጉድለት ዝገት ነው። ጠርዙ መዛግ የጀመረ ጠፍጣፋ ክዳን ይቀየር፤ ለብቻው ይሸጣል፣ ርካሽ ነው።

ሌላው ጉድለቱ ብርሃን ማሳለፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለንደን ውስጥ የተሠራ ጥናት ካናቢስን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ብርሃን መሆኑን አሳይቷል፤ ጨለማ ውስጥ በክፍል ሙቀት የተቀመጠው ግን ለአንድና ለሁለት ዓመት ኃይሉን በመጠኑ ይዞ ቆይቷል። ስለዚህ ጃር መስኮት ላይ ወይም ክፍት መደርደሪያ ላይ አይደረደርም። ካርቶን ውስጥ አስገብቶ ቁም ሣጥን ሥር ማኖር በቂ ነው፤ ባለ ቀለም ውድ ጃር መግዛት አያስፈልግም።

በዚህ ጃር ኪዩሪንግ እንዲህ ይሄዳል። አበባው ከገባና ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ መለኪያዋ ለ24 ሰዓት አትነበብ። በመጀመሪያው ሰዓት 56 ያለችው መለኪያ በማግሥቱ 68 ልትል ትችላለች፤ የአበባው ልብና ግንዱ ውስጥ የቀረው ውኃ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ስለሚወጣ ነው። በማግሥቱ ከ70 በላይ ካለች አበባው ከጃሩ ይወጣና ወረቀት ላይ ተበትኖ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ ይመለሳል። ከ65 እስከ 70 ከሆነ ክዳኑ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይከፈታል። ከ58 እስከ 64 ከሆነ ተፈላጊው ቦታ ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማናፈስ፣ በሁለተኛው በየሁለት ቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ከ55 በታች ከሆነ መክፈት ይቁም። ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ የደረጃዎች ድርጅት ለደረቀ አበባ ያወጣው የውኃ አክቲቪቲ መጠን ከ0.55 እስከ 0.65 ነው፤ ይህም በተዘጋ ጃር ውስጥ ከ55 እስከ 65 በመቶ እርጥበት ማለት ነው። ከ65 ሲያልፍ የሻጋታ በር ይከፈታል፣ ከ55 ሲወርድ ትራይኮሙ ተሰባሪ ይሆናል፣ ተርፒኑም መበነኑ ይፈጥናል።

የት እንደሚናፈስም ይታሰብ። ኦገስት ላይ ኤሲ በሌለው ኩሽና ጃር መክፈት እርጥበት ማስወጣት ሳይሆን ማስገባት ነው። ጃንዋሪ ላይ ደግሞ አንድ ሰዓት የተረሳ ክዳን ያለ ምህረት ያደርቃል።

ቁጥር ሁሉንም አይናገርም፤ ጃሩን ቀስ ብሎ ማዘንበልም ያስፈልጋል። አበቦቹ ተለያይተው ከተንከባለሉ ደህና ናቸው። ተጣብቀው እንደ አንድ ጉብታ ከተንሸራተቱ መለኪያዋ ምንም ትበል እርጥብ ናቸው። ሲከፈት አሞኒያ፣ ያ የበረት ሽንት ዓይነት ሽታ ካለ፣ ጃሩ ውስጥ ኦክስጅን አልቆ ባክቴሪያዎች ሥራ ጀምረዋል። ወዲያው ወጥቶ ተበትኖ ሲደርቅ ሽታው ከለቀቀ ይተርፋል፣ መዓዛው ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም። የድርቆሽ ሽታ ሌላ ነው፤ ከፈጣን ድርቀት የመጣ ነው፣ አራትና አምስት ሳምንት በ60 በመቶ ሲቆይ ብዙ ጊዜ ይለዝባል።

ሻጋታን ከትራይኮም መለየት ብዙ ሰው ይቸግረዋል። ከ30 እስከ 60 ጊዜ የምታጎላ ትንሽ የእጅ ሌንስ ያስፈልጋል። ትራይኮም እግርና ክብ ራስ አለው፣ ለየብቻው ቆሞ ይታያል። ሻጋታ ግን እንደ ሸረሪት ድር ክር ክር ሆኖ የተጠላለፈ ነው፣ ራስ የለውም። ትልቁን አበባ ሰንጥቆ ልቡን ማየትም ልማድ ይሁን፤ ቦትሪቲስ የተባለው ሻጋታ ከግንዱ ጀምሮ ቡናማና ግራጫ እያደረገ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚበላው። አንድ አበባ ላይ ከተገኘ ጃሩ እንዳለ ይጣል። «ሲቃጠል ይሞታል» የሚባለውን አትስሙ፤ በተለይ ኪሞቴራፒ ላይ ላለ ወይም አካል ላስተከለ ሰው ሳንባን የሚያጠቃው አስፐርጂለስ የተባለው ሻጋታ ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል።

ግሮቭ ባግ

ይህ የኦሃዮ ኩባንያ የሚሠራው ከረጢት ነው። ፊልሙ እርጥበትን በመጠኑ እያስወጣና እያስገባ ውስጡን ከ58 እስከ 62 በመቶ አካባቢ እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ ሲሆን፣ ኩባንያው ማናፈስ አያስፈልገውም ይላል። ለደንበኛው የሚሸጠው ዋናው ነገር ይኸው ነው፦ በየቀኑ አሥር ጃር ከመክፈት መገላገል።

ይሠራል ወይ? ትክክል የደረቀ አበባ ከገባበት፣ አዎ። እርጥብ ከገባበት ግን ከጃር የከፋ ነው፤ ሰው «አይናፈስም» ስለተባለ አይከፍተውም፣ በሁለተኛው ሳምንት ሲከፍት አሞኒያ ይቀበለዋል። ስለዚህ ከረጢቱ ውስጥም መለኪያ አስገብቶ በከረጢቱ ግልጽ መስኮት በኩል ማንበብ፣ ለመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ቀናት መከታተል ግድ ነው። 66 ካለ ያለ ይሉኝታ መክፈት። ሙሉ በሙሉ አይሞላ፣ ሩቡ ባዶ ይቅር። የእርጥበት ፓኬትም አይጨመርበት፤ ሁለቱ አንድ ሥራ ስለሚሠሩ ፓኬቱ በፊልሙ በኩል ከክፍሉ አየር ጋር ሲታገል ያልቃል። ዚፑ ለአጭር ጊዜ ይበቃል፤ ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ከዚፑ በላይ ያለው ጠርዝ በሙቀት ይታሸግ። ለዚህ ማሽን መግዛት አያሻም፣ የፀጉር ካውያ በመካከለኛ ሙቀት ለሁለት ለሦስት ሰከንድ ያህል ቢጫነው ይጣበቃል።

ጉድለቶቹ ሁለት ናቸው። ቀጭን ነው፤ ያልተከረከመ ሹል ግንጣይ ይበሳዋል፣ የተበሳ ከረጢት ደግሞ ተራ ፕላስቲክ ነው። ሁለተኛ፣ የሚተነፍስ ፊልም በመሆኑ የሚቀመጥበት ክፍል ይወስነዋል፤ ክረምት ላይ ሂተር አጠገብ ካለ ቀስ እያለ ይደርቃል። ላዩ ላይ ሌላ ከረጢት መከመርም አበባውን ይጨፈልቃል። ሦስት የደረሰ ተክል ያለው የዲሲ ሰው ደርዘን ጃር ከሚደረድር ይህን ቢገዛ አይከስርም። ሁለት ተክል ብቻ የተፈቀደለት የሜሪላንድ ሰው ግን ባይገዛው ይሻላል፣ ጃር ይበቃዋል።

ሲቮልት

የማይዝግ ብረት ቆርቆሮ ነው፣ የሲሊኮን ቀለበት አለው፣ በጎን መንጠቆ ይዘጋል፣ ክዳኑ ሥር የእርጥበት ፓኬት የሚቀመጥበት ቤት አለው። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ብርሃን አይገባበትም፣ ቢወድቅ አይሰበርም። ዋጋው ግን ከጃር ጋር አይወዳደርም። ከዚያም በላይ፣ ውስጡ አይታይም። ኪዩሪንግ ላይ ያለ አበባ መታየት አለበት፣ ቆርቆሮ ደግሞ ለማየት መከፈት አለበት፣ በተከፈተ ቁጥር ቆርቆሮው ውስጥ የተሰበሰበው መዓዛ ይወጣል። የሲሊኮን ቀለበቱም ሽታ ይመጥጣል፤ የአንዱ ዘር ጠረን ለሚቀጥለው ይተርፋል። ኪዩሪንጉ ያለቀለትን፣ በየቀኑ የሚነካውን ለማኖር ይሆናል። ለኪዩሪንግ ብሎ መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ፓኬቶቹ፦ ቦቬዳና ኢንቴግራ ቡስት

ቦቬዳ የሚኒሶታ ኩባንያ ነው። በፓኬቱ ውስጥ በጨው የተሞላ ውኃ አለ፤ ውኃው በእንፋሎት መልክ በወረቀቱ በኩል ይወጣል ይገባል፣ አየሩ ሲደርቅ ይሰጣል ሲረጥብ ይቀበላል። ለአበባ የሚሸጡት ባለ 58ና ባለ 62 ናቸው። ኢንቴግራ ቡስት ደግሞ በግሊሰሪን የሚሠራ ሲሆን ባለ 55ና ባለ 62 አለው፤ ፓኬቱ ሲያልቅ ቀለሙ የሚለወጥ ትንሽ ካርድም አብሮት ይመጣል። ካርዱ ጥሩ ሐሳብ ነው። የቦቬዳ ማለቅ የሚታወቀው በእጅ ነው፤ ፓኬቱ ለስላሳ ከሆነ አለ፣ እንደ ብስኩት ጠጥሮ ከተንኮሻኮሸ አልቋል። ባለ 8 ግራሙ ለአንድ አውንስ ጃር ይበቃል፤ ባለ 67 ግራሙ ለአንድ ፓውንድ ነው። በደንብ በተዘጋ ጃር ከሁለት እስከ አራት ወር ይቆያል።

ትልቁ ስህተት ፓኬቱን ከመጀመሪያው ቀን መጨመር ነው። ፓኬት የደረሰን አበባ ባለበት ያቆያል፤ ያልደረሰን አያደርስም። 70 በመቶ የሆነ ጃር ውስጥ ሲገባ ውኃ እየጠጣ ያብጣል፣ ቁጥሩን ለጊዜው ዝቅ ያደርጋል፣ ሰውየው ደህና መስሎት ማናፈሱን ያቆማል፣ የአበባው ልብ ግን እንደረጠበ ነው። ሁለትና ሦስት ሳምንት ያለ ፓኬት ይናፈስ፤ መለኪያዋ ለሦስት ተከታታይ ቀን ከ60 እስከ 62 ላይ ስትረጋ፣ ያኔ ይግባ።

ሌላው ክርክር ፓኬት መዓዛ ይሰርቃል የሚለው ነው። እንደ እኔ ፍርድ ክሱ የተጋነነ ነው፤ መዓዛ ቀነሰ የሚሉት ብዙዎቹ ፓኬቱን ያስገቡት አስቀድሞ በደረቀ አበባ ላይ ነው። 45 በመቶ ላይ የደረሰ አበባ ፓኬት ሲገባለት ይለሰልሳል፣ እጅ ላይ ጥሩ ስሜት ይሰጣል፣ የበነነው ተርፒን ግን አይመለስም። ልስላሴው መዓዛን እንዲጠብቁ ያደርጋል፣ ስላላገኙት ፓኬቱን ይከሳሉ። ለክረምት ደረቅ ቤት 62፣ ከስድስት ወር በላይ ለሚቀመጥ 58 ይመረጥ። ያለቀውን ፓኬት ውኃ ውስጥ ነክሮ ወይም ማይክሮዌቭ አድርጎ ማስነሳት የሚባለው አይሞከር፤ ስፌቱ ሲለቅ ጨዋማው ፈሳሽ አበባው ላይ ይፈሳል።

የብርቱካን ልጣጭ፣ የሰላጣ ቅጠል ወይም ቁራሽ ዳቦ መጨመር የድሮ ዘዴ ነው። ውኃው በመጠን አይመጣም፣ ከልጣጩ ጋር ደግሞ የሻጋታ ዘር ይገባል።

የማይሆኑት

ዚፕ ያለው የሳንድዊች ከረጢት ለኪዩሪንግ አይሆንም። ሊሞኒን ፖሊኢቲሊን ፕላስቲክ ውስጥ ይሟሟል፤ የብርቱካን ጭማቂ አምራቾች በማሸጊያቸው የተነሣ ሲቸገሩበት የኖሩት ነገር ነው። ፕላስቲክ ላይ በሚፈጠረው ስታቲክ ኤሌክትሪክም ትራይኮሙ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ከረጢቱ ሲገለበጥ ውስጡ ላይ የሚታየው ወርቃማ አቧራ እሱ ነው።

ፍሪጅ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር እርጥበቱ ይወዛወዛል። ፍሪዘር ውስጥ ትራይኮሙ እንደ መስታወት ይሰባበራል፤ ጃሩ በተነቃነቀ ቁጥር ሙጫው ጃሩ ሥር ይረግፋል። ቫኪዩም ማሸጊያም አበባውን ይጨፈልቃል፣ አየሩን ሲመጥም በናኙን አብሮ ያወጣል።

የበርበሬ ወይም የሚጥሚጣ ባዶ ጃር አጥቦ መጠቀምም ለእኛ ቤት የሚያጓጓ ነገር ነው። የክዳኑ ላስቲክ ግን የሚጥሚጣውን ሽታ ይዞ ይቆያል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ደርቆ የደቀቀ ካናቢስ ከበሶብላና ከኮሰረት በዓይን ብዙም አለመለየቱ ነው፤ ቅቤ ልታነጥር የመጣች አክስት ከመደርደሪያው ብታነሣው ማን ሊጠየቅ ነው? ወጥ ቤት ውስጥ አይቀመጥ፣ ልጆች ባሉበት ቤት ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ይሁን፣ የተቆረጠበት ቀንና ጃር የገባበት ቀን በግልጽ ይጻፍበት።

ኪዩሪንጉ ካለቀ በኋላ አንድ ትልቅ ጃርን በየቀኑ እየከፈቱ መጠቀም እስካሁን የተደረገውን ሁሉ ቀስ በቀስ ያፈርሳል። ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ትንሽ ጃር ለሳምንት የሚበቃውን ይያዝ፣ ትልቁ በሳምንት አንዴ ብቻ ለመሙላት ይከፈት። ትልቁ ጃር ግማሽ ሲደርስ ቀሪው ወደ ትንሽ ጃር ይዛወር፤ ባዶው ቦታ በሰፋ ቁጥር ተርፒኑ ከአበባው ወጥቶ አየሩን ሊሞላ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው መክፈት ደግሞ ያ አየር ክፍሉ ውስጥ ይቀራል።